አምስት መስመር ያላት ወረቀት ስንት ታወጣለች?

አንድ ነጋዴ ለደንበኛው የተበላሸ ዕቃ ሸጠለት እንበል። ደንበኛው በዚያው ዕቃ ተጎድቶ ተመልሶ ሲመጣ ነጋዴው ይቅርታ እንደ መጠየቅ ለጥገናው ሌላ ደረሰኝ ቆርጦ ያስከፍለዋል። ለጥገና የከፈለው ደግሞ ከመጀመሪያው ሽያጭ የበለጠ ትርፍ ያስገኛል። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ወር አይቆይም። ጎረቤቱ ስሙን ያነሳዋል፣ ደላላው ሰው መላኩን ይተዋል፣ አከፋፋዩም ዱቤ ይነፍገዋል። ሆኖም ይህ አሠራር ሕጋዊ ሆኖ፣ በደረሰኝ ተደግፎ፣ ለብዙ ዓመታት የኖረበት አንድ ገበያ አለ። ይኸውም የሆስፒታል ገበያ ነው።

ነገሩ ማጋነን የሚመስለው አንባቢ ካለ ቁጥሩን ይመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ማለትም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል 12 ሆስፒታሎችን ያስተዳድር የነበረ አንድ ድርጅት አለ። በ2010 በነዚህ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የወጡ 34,256 ሕሙማን ሂሳብ ተመርምሮ ውጤቱ በ2013 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ። የግል ኢንሹራንስ ያለው በሽተኛ ያለ እንከን ታክሞ ሲወጣ፣ ተለዋዋጭ ወጪው ተቀንሶ ለሆስፒታሉ የሚተርፈው በአማካይ 16,936 ዶላር ነበር። ቁስሉ አመርቅዞበት ወይም ሌላ ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ከባድ ችግር ደርሶበት የወጣው ግን 55,953 ዶላር ያስተርፋል። ልዩነቱ 39,017 ዶላር መሆኑ ነው።

ሐኪም ሆን ብሎ በሽተኛውን ይጎዳል ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ሐኪሞችን አያውቃቸውም። ነገር ግን ኢኮኖሚክስ ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ፣ ድርጅት ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ገንዘቡ ከየት በኩል እንደሚገባ ተመልከቱ የሚል ነው። ገንዘቡ ከስሕተቱ በኩል የሚገባ ከሆነ ስሕተቱን ለመቀነስ የሚደክመው ማነው? ድካሙስ ያዋጣዋል? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የተገኘው በአንድ ታዋቂ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ፣ የዛሬው የገበያ ገጻችን ወደዚያው ይወስዳችኋል።

ባልቲሞር፣ 2001

ጆንስ ሆፕኪንስ በባልቲሞር ከተማ በ1889 የተከፈተ ሆስፒታል ነው። ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሆስፒታል ውስጥ እያሠሩ የማሠልጠን ሥርዓት በአሜሪካ የተስፋፋው ከዚሁ ቤት ተነስቶ ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን በየዓመቱ ደረጃ የሚያወጣ አንድ መጽሔትም ከ1991 እስከ 2011 ድረስ ለ21 ዓመታት በተከታታይ አንደኛ አድርጎታል።

በዚያው አንደኛ በነበረበት ጊዜ፣ በ2001 መጀመሪያ ላይ፣ ሙቅ ውሃ ያቃጠላት የ18 ወር ሕፃን ወደ ሆፕኪንስ ገባች። ቃጠሎው እየሻረላት መጣ። ቤተሰቧም ወደ ቤት የምትመለስበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ሕፃኗ ግን የሞተችው በቃጠሎው ሳይሆን ሰውነቷ ፈሳሽ አጥቶ በመድረቁና ሊሰጣት በማይገባ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ምክንያት ነበር። እናቷ ልጅቱ ክፉኛ ተጠምታለች እያሉ ደጋግመው ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ካሳ ከፈለ። ወላጆቿ ከካሳው ከፊሉን መልሰው ለዚያው ሆስፒታል የሰጡት የሕሙማን ደኅንነት ሥራ እንዲሠራበት ነው። ይህንን ያነበብኩ ጊዜ ቆም ብዬ ነበር። ተበዳይ ለበዳዩ የመነሻ ካፒታል ሲያዋጣ ያየሁበት ሌላ ጉዳይ ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺ ሕፃን የሞተችው መሣሪያ ወይም ባለሙያ በሌለበት ቤት አይደለም። የማስተማሪያ ሆስፒታል በባለሙያ ብዛት የሚታማ አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ብዛት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ይታከማል፣ ይማራል፣ ይመራመራል። አንዱን በሽተኛ ተማሪው ያየዋል፣ ሠልጣኙ ሐኪም ያየዋል፣ የበላዩ ያየዋል፣ ፕሮፌሰሩ ያየዋል። ሠልጣኞቹ ደግሞ በየወሩ ከክፍል ክፍል ይዛወራሉ፤ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አዲስ ተመራቂ ይገባል። መረጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማዕረግ አለ። ፕሮፌሰር ሲሳሳት ማን ይናገራል? ነርሷ አይታለች፤ ነገር ግን አፏን ብትከፍት የሚደርስባትን ታውቃለች። የኛ አገር አንባቢ ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ወረቀቷ

በዚያው በ2001 የሆፕኪንስ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪም የሆኑት ዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስት አንድ ተራ ነገር አሰቡ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ባለው ትልቅ የደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። መድኃኒቱም ምግቡም በዚያ ይገባል። ቱቦው ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ተሕዋስያን በዚያው ቱቦ ተከትለው ከገቡ በቀጥታ ደም ውስጥ ናቸው። ያኔ ብዙዎቹ ሐኪሞች ይህንን እንደ ንግድ ኪሳራ፣ አልፎ አልፎ መድረሱ እንደማይቀር ነገር አድርገው ተቀብለውት ነበር።

ፕሮኖቮስት በአንዲት ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጻፉ። እጅህን ታጠብ። የበሽተኛውን ቆዳ ክሎርሄክሲዲን በሚባለው ፀረ ተሕዋስያን አጽዳ። ኮፍያ፣ ማስክ፣ የጸዳ ጋዋንና ጓንት ልበስ፣ በሽተኛውንም ከራስ እስከ እግሩ በጸዳ ጨርቅ ሸፍን። ከተቻለ ቱቦውን በብሽሽት በኩል አታስገባ። የማያስፈልግ ቱቦ ከሆነ አውጣው። አዲስ ነገር የለበትም። ይህንን የማያውቅ ሐኪም በሆፕኪንስ ሊኖር አይችልም። ቢሆንም ነርሶች ለአንድ ወር ዝም ብለው እየተመለከቱ እንዲመዘግቡ ሲደረግ፣ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ሕሙማን ላይ ቢያንስ አንዱ መስመር ተዘሎ ተገኘ።

ለምን ተዘለለ? ከመልሱ አንዱ ክፍል የመጋዘን ጉዳይ ስለሆነ እናንተን ይመለከታል። ሐኪሙ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዕቃ ለመሰብሰብ ስምንት ቦታ መሄድ ነበረበት። ጓንቱ አንድ ጋ፣ ጨርቁ ሌላ ጋ፣ ፀረ ተሕዋስያኑ ደግሞ ሌላ ጋ። በሽተኛው እያጣጣረ ስምንት መደርደሪያ የሚዞር ሰው የለም፤ ያገኘውን ይዞ ይሠራል። መፍትሔው ሁሉንም ዕቃ አንድ ላይ የያዘ በተሽከርካሪ እግር የሚገፋ መሳቢያ ሆነ። ስምንቱ ቦታ አንድ ሆነ። እኔ በበኩሌ የታመመ አጎቴን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ስመላለስ ጓንት ግዛ ተብዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መንገድ ተሻግሬ ነበር። እኛ ዘንድ ስምንተኛው ቦታ ከግቢ ውጭ ያለው ፋርማሲ ነው ማለት ነው።

ሌላው የመልሱ ክፍል ግን በዕቃ የሚፈታ አልነበረም። የሆስፒታሉ አስተዳደር ለነርሶቹ ሥልጣን ሰጠ። ሐኪሙ አንዲት መስመር ከዘለለ፣ የድንገተኛ ጉዳይ እስካልሆነ ድረስ፣ ነርሷ ሥራውን ታስቆማለች። ሐኪሙ እምቢ ካለ የበላይ ይጠራል፤ የበላዩም ከነርሷ ጋር ይቆማል። በየቀኑም ይህ ቱቦ ዛሬ ያስፈልጋል ወይስ ይውጣ ተብሎ እንዲጠየቅ ተደረገ። ወረቀቷን ማንም ሊኮርጅ ይችላል። ይህ ሥልጣን ግን በፎቶ ኮፒ አይባዛም።

ሂሳቡ

በሕክምና ይህ ነገር የሚለካው በ«ቱቦ ቀን» ነው። አንድ መቶ ሰው እያንዳንዱ ለአሥር ቀን ቱቦ ገብቶለት ቢሰነብት 1,000 የቱቦ ቀን ይሆናል። በዚያ በሆፕኪንስ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በ1998 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በ1,000 የቱቦ ቀን 11.3 ኢንፌክሽን ይመዘገብ ነበር። በ2002 የመጨረሻው ሩብ ዓመት የተመዘገበው ቁጥር ዜሮ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት ሥራው በዓመት 43 ኢንፌክሽን፣ 8 ሞትና 1,945,922 ዶላር ተጨማሪ ወጪ ሳያስቀር አልቀረም። ገንዘቡን ለ43 ብናካፍለው ለአንዱ ኢንፌክሽን ከ45 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ነገሩ ሆፕኪንስ ስለሆነ ነው የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ወረቀቷ ወደ ሚሺጋን ግዛት ሄደች። ዲትሮይትን የመሰለ፣ ሆስፒታሎቹ ያኔ ሠራተኛ ይቀንሱበት የነበረ ከተማ ያለበት ግዛት ነው። 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በሥራው ላይ ያቀረቡት መረጃ በ2006 ታተመ። በአማካይ በ1,000 የቱቦ ቀን 7.7 የነበረው ኢንፌክሽን በ18 ወር ጊዜ ውስጥ ወደ 1.4 ወርዷል። ከ1,500 በላይ ሕይወት መትረፉም ተገምቷል።

ከሚሺጋን ሥራ ውስጥ አንድ የገበያ ነገር አለ። ሥራው ሲጀመር ክሎርሄክሲዲን የነበረባቸው ክፍሎች ከሲሶ ያነሱ ነበሩ። ሐኪሞቹ ይህንን ማስተካከል አይችሉም፤ ግዢ የአስተዳደር ሥራ ነውና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ከሆስፒታሉ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ተመደበለት፤ ኃላፊው በአካል ወደ ክፍሉ እየወረደ የጎደለውን ይሰማል። ፀረ ተሕዋስያኑም በአጭር ጊዜ ውስጥ ቀረበ። ከዚያም አልፎ የፕሮኖቮስት ቡድን አሮው ኢንተርናሽናል የተባለውን ትልቅ የቱቦ አምራች ኩባንያ አነጋግሮ፣ ቱቦው ከነጨርቁና ከነክሎርሄክሲዲኑ በአንድ ጥቅል ታሽጎ እንዲመረት አደረገ። ገዢው ተሰባስቦ ምን እንደሚፈልግ ሲያውቅ አምራቹ ይታዘዛል። የሕክምና ዕቃ አስመጪ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ብታነቧት ጊዜያችሁ በከንቱ አይጠፋም።

ለመሆኑ ሥራው ስንት ፈጀ? በስድስት የሚሺጋን ሆስፒታሎች ላይ ተመሥርቶ በ2011 የወጣ ስሌት፣ አንድ ኢንፌክሽን ለማስቀረት የወጣው በአማካይ 3,375 ዶላር ነው ይላል። አንድ ኢንፌክሽን ሲደርስ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ግን ከ12,208 እስከ 56,167 ዶላር ይገመታል። በዝቅተኛው ግምት እንኳ ብንሄድ አንድ ዶላር ገብቶ ሦስት ዶላር ተኩል ያህል ይወጣል። በባንክ ወለድ የሚያስብ ሰው ይህንን አይቶ አይተኛም።

ትርፉ የማን ነው?

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። 3,375 ዶላሩን የሚያወጣው ሆስፒታሉ ነው። የሚተርፈው ገንዘብ የሚገባው ወደ ማን ኪስ ነው? ሆስፒታሉ በአገልግሎቱ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ የሚያተርፈው ከፋዩ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ነው። ሆስፒታሉ ገንዘቡን አውጥቶ የራሱን ገቢ ይቀንሳል። መግቢያችን ላይ ያየነው የ39 ሺህ ዶላር ልዩነት ትርጉሙ ይኸው ነው። የምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ለዚህ ረጅም ስም አላቸው፤ ነጋዴ ግን አንዱ ዘርቶ ሌላው ያጨደው እርሻ ቢለው ይበቃዋል።

በሚሺጋን ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ የተባለው ኢንሹራንስ በሥራው ለተሳተፉ ሆስፒታሎች ጥቂት ጉርሻ ከፍሏል። አስተዋይ ከፋይ የሚያደርገው ይህንን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ለአረጋውያን ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬር ከጥቅምት 2008 ጀምሮ፣ በሆስፒታል ውስጥ በተያዙና መከላከል ይቻሉ በነበሩ አንዳንድ ችግሮች ለሚመጣ ተጨማሪ ወጪ አልከፍልም አለ። የቱቦ ኢንፌክሽንም ከነዚህ አንዱ ነው። ነጋዴ ጆሮ ይህ ከጉርሻው የበለጠ የሚያስፈራ ይመስላል። ሆኖም በ2012 የወጣ ጥናት ይህ ቅጣት በኢንፌክሽኑ ቁጥር ላይ የፈጠረው የሚታይ ለውጥ እንደሌለ አሳይቷል። የተቀነሰው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ ኢንፌክሽኑም ከዚያ በፊት በሌላ ምክንያት መቀነስ ጀምሮ ነበር። እኔም ይህንን ጥናት ከማንበቤ በፊት ቅጣቱ ይሠራል ብዬ እከራከር ነበር። ዋጋ ሁሉን ያስተካክላል የሚለው ትምህርታችን እዚህ ጋ ጎደለ።

በአገር ደረጃ ሲታይ በአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የነበረው የዚህ ዓይነት ኢንፌክሽን በ2001 ከነበረበት 43,000 ገደማ በ2009 ወደ 18,000 ወርዷል። በ2009 ብቻ የተረፈው ወጪ 414 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ይህ የአንዲት ወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ብዙ እጅ አለበት። ደግሞም የተገኘው እንዳገኙት አይኖርም። በ2020 ኮሮና ሆስፒታሎቹን ሲያጥለቀልቅ፣ ነርስ ሲጎድልና ጓንቱ ሲራቆት፣ ቁጥሩ ከዓመት በፊት ከነበረው በግማሽ ያህል ተመልሶ ወጣ። ፋብሪካ ጥገና ሲቋረጥበት እንደሚሆነው ማለት ነው።

ወረቀቱ ብቻ ሲገዛ

በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማመሳከሪያ በስምንት ከተሞች ተሞክሮ ያስገኘው ውጤት ታተመ። ከሲያትልና ከለንደን ጀምሮ እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ ድረስ ማለት ነው። ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግርም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር። የካናዳው ኦንታሪዮ ግዛት ይህንን አይቶ ከ2010 ጀምሮ ሆስፒታሎቹ በሙሉ በዚሁ መጠቀማቸውን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አዘዘ። ሆስፒታሎቹም ታዘዙ፤ ሪፖርቱ መቶ በመቶ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። በ101 ሆስፒታሎች የሞቱ መጠን ግን 0.71 ከነበረበት 0.65 በመቶ ሆነ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ዓይን ልዩነት የሚባል አይደለም። ትእዛዙ ወረቀቱን አዳረሰ፤ መሳቢያውን፣ ግዢውንና የነርሷን ሥልጣን ግን አብሮ አላደረሰም። ምልክት ማድረግ ደግሞ ቀላል ነው። የመርከብ ጭነት ሳይቆጥር የሚፈርም ተረካቢ አይታችሁ ታውቁ የለ?

የኛ አገር ሂሳብ

ይህ የነጮች ወግ ነው ብሎ ገጹን ለሚገለብጥ አንባቢ አንድ ነገር አለኝ። ያንን የቀዶ ሕክምና ማመሳከሪያ ያዘጋጀውን ቡድን የመሩት ዶክተር አቱል ጋዋንዴ ላይፍቦክስ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ይኸው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስም የጀመረው ሥራ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተሞክሯል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ከነዚህ አንዱ ነው። ሥራው በስድስት ነገሮች ላይ ያተኩራል። የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ ያልተቀደደ ጋዋንና ጨርቅ፣ መሣሪያው በትክክል መቀቀሉን ማረጋገጥ፣ አንቲባዮቲክን በሰዓቱ መስጠት፣ ጎዝን ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ መቁጠር፣ እንዲሁም ማመሳከሪያውን መጠቀም። ከዚህ ውስጥ ከውጭ ምንዛሪ ጋር ትልቅ ጠብ ያለው የለም። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ቀንሷል።

እኛ ዘንድ ከፋዩ ብዙውን ጊዜ ኮሪደር ላይ የቆመው ቤተሰብ ነው። አንድ ሰው ቁስሉ አመርቅዞ አሥር ቀን ቢጨምር አልጋው በቀን ይቆጠራል፣ መድኃኒቱ ይገዛል፣ አስታማሚው ሱቁን ዘግቶ ይውላል። ይህ ቤተሰብ እንደ ሚሺጋኑ ኢንሹራንስ ለሆስፒታል ጉርሻ ሊከፍል አይችልም፤ እንደ ሜዲኬርም አልከፍልም ብሎ አይቀጣም። ሂሳቡን ካልከፈለ በሽተኛውን ይዞ መውጣቱም ያስቸግረዋል። ስለዚህ በኛ ገበያ ጥያቄውን ማንሳት የሚችለው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ለሠራተኞቹ የሕክምና ወጪ በውል የሚከፍል ድርጅት አንዱ ነው። ከሆስፒታል ጋር ውል ሲያድስ የሚከራከረው በዋጋ ቅናሽ ላይ ብቻ ነው፤ ካቻምና ስንት ሰው ቁስሉ አመርቅዞ ተመለሰ ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሁለተኛው ባለ አክሲዮን ነው። የግል ሆስፒታል ለማቋቋም አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች ያሳተሟቸውን ጥቂት ጥራዞች አገላብጫለሁ። የአልጋ ብዛት አለ። ሲቲ ስካን አለ፣ ኤም አር አይ አለ፣ የመኪና ማቆሚያ አለ፣ ምድር ቤቱን ለካፌ በማከራየት የሚገኘው ገቢ እንኳ በሦስት ዓመት ትንበያ ተሰልቷል። ኢንፌክሽን የሚቆጥር ሠራተኛ ደመወዝ የተጻፈበትን መስመር ግን ፈልጌ አጣሁ። አክሲዮኑን ከሚያሻሽጡት አንዱ ደላላ ከአደራጆቹ ጋር አገናኝቶኝ፣ ጓንቱና ፀረ ተሕዋስያኑ ከበሽተኛው አልጋ ስንት እርምጃ ርቆ እንደሚቀመጥ ጠይቄ ነበር። አደራጁ ጥያቄውን ወደ አርክቴክቱ መራው። አርክቴክቱ እስካሁን አልደወለም።